ሁለት ጣት ወደ ውጭ

ዛሬ ዛሬ ወጣቶቹ መኪና ይዘው ይመጡና «ቸርኬው ሰፋ ይበል፣ ጎማው ወጣ ይበል» ይሉኛል። ለምን ስላቸው «ያምራል» ነው መልሱ። እኔም ሳቄን ዋጥ አድርጌ «የት ልትነዳው ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። በዚህ ጥያቄ የሚኮሳተር እንጅ የሚመልስልኝ እስካሁን አላገኘሁም። እኔ ግን በአሥራ ዘጠኝ መቶ ሃምሳዎቹ መጨረሻ ወረታ ላይ የአንዲት ቀይ የስፖርት መኪና ጎማ ሁለት ጣት ወደ ውጭ አውጥቻለሁ፤ የት እንደምትሄድም፣ ለምን እንደምትሄድም ጠንቅቄ አውቅ ነበር። ሚስቴን ያገኘሁት በእነዚያ ሁለት ጣቶች ነው። ስለዚህ በዚህ ነገር ሊከራከረኝ የሚፈልግ ሰው ካለ መጀመሪያ ቁጭ ብሎ ያዳምጠኝ።

የተወለድሁት ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ከገበሬ ቤት ነው። እርሻውን ለወንድሞቼ ትቼ ጎንደር ሄድሁና ጣሊያን ጥሎት በሄደው አንድ ጋራዥ ውስጥ ጎማ መለጠፍ፣ ቸርኬ ማቃናት፣ ብረት ማጋል ተማርሁ። መንዳትም እዚያው ለመድሁ። ስመለስ ወረታ ላይ፣ ከጎንደሩ መንገድ ዳር፣ ከአንዲት ዋርካ ሥር ወናፌን ተከልሁ። ከባሕር ዳር የሚመጣ፣ ከጎንደር የሚወርድ የጭነት መኪና ሁሉ እኔ ዘንድ ይቆማል። ሹፌሮቹ «ባለሙያው» ይሉኛል። ያገሬ ሰው ግን ሌላ ስም ነበረው፤ ቀጥቃጭ ነው የሚለኝ።

ቀጥቃጭ ማለት ያን ጊዜ የሥራ ስም ብቻ አልነበረም፣ ስድብ ነበር። ብረት የሚመታ ሰው ዓይኑ ክፉ ነው ይባላል። ፊቱ እህል አይቆረስም፣ ልጅ አይታቀፍም፣ ሠርግ ላይ ቢጠራም ዳር ነው የሚቀመጠው። ማረሻና ማጭድ ሲያስፈልግ ግን ሁሉም እሱ ዘንድ ይመጣል። ይህ ነገር ያናድደኝ ነበር፤ ይኸው ሸብቼም ያናድደኛል። እኔ በሠራሁት ማረሻ እያረስህ፣ የሠራሁበትን እጅ ምን ብለህ ትጸየፋለህ?

ከወረታ ወጣ ብሎ ቁሐር ሚካኤል በሚባል መንደር አንዲት ልጅ ነበረች። ወረታ ገበያ ሽምብራ ልትሸጥ ስትመጣ አህያዋን ከዋርካዬ ጥላ ታስራለች። አንድ ቀን የጭነቱ ማሰሪያ ቀለበት ተሰብሮባት ሠራሁላት። «እግዜር ይስጥልኝ» አለችና ቀና ብላ አየችኝ። ሌላ ሰው እንዲህ ቀና ብሎ አያየኝም ነበር፤ ዓይኔን ይሸሻል። ከዚያ ወዲያ እሷ ገበያ በመጣች ቁጥር መዶሻው ብረቱን ትቶ ጣቴን ይመታኝ ጀመር። ሹፌሮቹ ገባቸውና መሳቂያ አደረጉኝ። እኔም ምን ላድርግ፣ ቁርጡን ልወቅ ብዬ ሽማግሌ ላክሁ።

አባቷ ሽማግሌዎቹን ደጅ ላይ አቆሟቸው። በአገራችን ለጋብቻ የተላከ ሽማግሌ «ተቀመጡ» እስኪባል ይቆማል። ተቀመጡ ከተባለ ነገሩ ተስፋ አለው፣ እንደቆመ ከተሸኘ የለውም። አባቷ ተቀመጡ አላሉም። «ልጄን ለቀጥቃጭ አልሰጥም» ብለው ወደ ጎተራቸው ዞሩ። ወራት አሳልፌ ደግሜ ላክሁ፣ እንደገና ቆመው ተመለሱ። ይባስ ብሎ ማረሻቸው ሲዶለዱም እኔ አፍንጫቸው ሥር ሳለሁ እስከ ሐሙሲት ሌላ ቀጥቃጭ ዘንድ ተሸክመውት እንደሚሄዱ ሰዎች ነገሩኝ። ልጅቱን ከመከልከሌ ይበልጥ ያ አንገበገበኝ ብል ውሸት ይሆናል፤ ግን አንገብግቦኛል።

ሦስተኛ ጊዜ መላክ ወግ ነው። ከሦስተኛው በኋላ የሚልክ ግን ሰው አይባልም፣ ልጅቱም ለሌላ ትታጫለች። እንግዲህ የቀረችኝ አንዲት ዕድል ናት። አባቷ ደግሞ በዓለም ላይ ቃሉን የማያጥፉት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የንስሐ አባታቸው። እኒህ ሽማግሌ ቄስ ጣራ ገዳም ተምረው ያደጉ፣ ኋላ ወረታ መጥተው የከረሙ ናቸው። ሄጄ ጉልበታቸውን ሳምሁና ጉዳዬን ነገርኋቸው።

«መሄዱንስ እሄድልህ ነበር ልጄ» አሉና ዳሌያቸውን ዳሰሱ። ከበቅሎ ወድቀው ከተሰበሩ ወዲህ እንኳን በቅሎ ላይ ሊወጡ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚደርሱትም በምርኩዝና በሰው ትከሻ ነው።

«በቃሬዛ ላስወስድዎ አባ?» አልሁ።

ተቆጡኝ። «በቃሬዛ ተሸክሞ ሰው ደጅ የሚወሰድ ሬሳ ነው። አንተ ለጋብቻ ሬሳ ልትልክ ነው?»

እውነታቸውን ነው። አፍሬ ወጣሁ።

ያን ጊዜ ወደ ቁሐር ሚካኤል የሚገባ መኪና ቢኖር የወባ ሰዎች ላንድሮቨር ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል በጭቃው ገብተው፣ ከቤት ቤት መድኃኒት ረጭተው ይወጣሉ። እኔ ስፈልጋቸው ሥራቸውን ጨርሰው ሄደዋል። ትተውልን የሄዱት የጎማቸውን ፈለግ ነው፤ ጭቃው ደርቆ ሁለት ቦይ ሆኗል፣ ቦዩም እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። ጥልቀቱ አንድ ጋት ቢሆን ነው። ስፋቱ የላንድሮቨሩን ጎማ አስገብቶ ትንሽ ይተርፈዋል።

ወረታ ላይ የነበረችው ሌላዋ መኪና የባለ ጨርቅ ሱቁ ታናሽ ወንድም ከአሥመራ ይዟት የመጣት ቀይ የስፖርት መኪና ናት። ጣራ የላትም፣ ከሁለት ሰው በላይ አትይዝም፣ ሆዷ ከመሬት ስንዝር አይሞላም። ከብት የሚያውቅ አገር ነውና ባየናት ቀን «ጥጃዋ» አልናት። ባለቤቷ ፊቱ የማይጠቁር፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነበር። ስሟን ሲሰማ አልተቀየመም፤ እንዲያውም «እናቷ የት ሄዳ ነው ብቻዋን የምትቦርቅ?» እያለ እሱ ራሱ ይቀልድባት ነበር። ቸርኬዋ በድንጋይ በተጣመመ ቁጥር የማቃናለት እኔ ስለነበርሁ ወዳጆች ነበርን።

ጉዳዬን ሳጫውተው ሳቀ። «ቄስ በስፖርት መኪና? እንዲህ ያለውን ሳላይ አልሞትም» አለ። ወዲያው ግን ኮስተር ብሎ «ወንድሜ፣ ቁሐር ሚካኤል ድረስ አንድ ጊዜ ሞክሬ ግማሽ ላይ አፍሬ ተመልሻለሁ። ካስኬድሃት መሪውን ላንተ እሰጥሃለሁ፤ ይኸው ቃሌ» አለኝ።

ሄደን አየነው። የላንድሮቨሩ ቦዮች የተራራቁት በላንድሮቨሩ እግር ልክ ነው፣ ጥጃዋ ደግሞ ጠባብ ናት። አንዱ ወገን ጎማዋ ቦይ ውስጥ ሲገባ ሌላው ጉብታው ላይ ይቀራል። እንደተንጋደደች ጥቂት ትሄድና ጉብታው ላይ ያለው ጎማ ድንገት ይንሸራተታል፣ ያን ጊዜ መሪው ከእጅ ይነጠቃል፣ ወገብም ይቀነጠሳል። እኔና ባለቤቷ ጤነኞቹ ሁለታችንም ወገባችንን ይዘን ወረድን። ለእኒያ አባት ዳሌማ የማይታሰብ ነው።

እንግዲህ እዚህ ላይ የፎገራ ሰው ብቻ የሚሳሳተውን ስሕተት ተሳሳትሁ። እኛ መሬት ስናይ የሚታየን ማጥ ነው። ክረምት ክረምት ሜዳው ሐይቅ ይሆናል፤ በሬ ሰመጠ፣ በቅሎ ሰመጠ፣ መኪና ሰመጠ ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። ስለዚህ ጎማ ሲባል በልቤ የመጣው ሰፊ ጎማ ነው፤ የማይሰምጥ ጎማ። ኅዳር ነው፣ መንገዱ ደርቆ ሊሰነጠቅ ነው፣ ማጥ የሚባል ነገር የለም። ዓይኔ ይህን ያያል፣ ልቤ ግን ገና ሐምሌ ላይ ነበር።

ጎንደር ወጣሁና ሙያ ከተማርሁበት ጋራዥ፣ ጓሮ ከተጣለው ክምር መካከል፣ አራት ሰፋፊ ቸርኬ መረጥሁ። ቀዳዳቸው ከጥጃዋ ቡሎን ጋር ልክክ አለ። ጎማም አገኘሁላቸው። በጭነት መኪና አስጭኜ አምጥቼ ስገጥማቸው ባለቤቷ ዙሪያዋን እየዞረ አየና «አሁን ኮርማ ሆነች» አለ። እኔም እውነት መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ። ወረታም ወጥቶ አደነቀን። ለማድነቅማ ያምር ነበር፣ ይኸ ዛሬ ወጣቶቹ የሚሉት ዓይነት ማማር ነበረው።

የቁሐር ሚካኤልን መንገድ ስንይዝ ውርደቱ ተጀመረ። ሰፊው ጎማ ከቦዩ አፍ ይሰፋል። ልግባ ሲል አይገባም፣ ጠርዙ ላይ ይወጣል። ወደ ግራ ይጎትታል፣ ወደ ቀኝ ይጎትታል፣ ስንታጠፍ የጎማዋን ክዳን፣ ፓራፋንጎዋን፣ እየፋቀ ይጮሃል። ባለቤቷ መሪውን በሁለት እጁ አንቆ ይዞ ላቡ ይንቆረቆራል። አንድ መታጠፊያ ላይ ጥጃዋ ከቦዩ ዘላ ወጣችና ከሰው እርሻ ገብታ ቆመች። ከዚያ ሁሉ ሜዳ፣ ከዚያ ሁሉ እርሻ፣ የማን እርሻ ሆነ? የልጅቱ አባት እርሻ ነዋ።

ውሃው ዘግይቶ የለቀቀው ማሳ ስለነበር ለሽምብራ እያረሱ ነበር። በሬዎቹን አቁመው፣ ጅራፋቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው መጡ። የባለ ሱቁን ወንድም በደንብ ሰላም አሉት። ወደኔ ሲዞሩ ፊታቸው ተለወጠ።

«ቀጥቃጭ፣ ሽማግሌ ቢያልቅብህ በብረት ልትመጣብኝ ነው?» አሉኝ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አያ፣ መንገዱ ጥሎኝ ነው» አልሁ።

«መንገዱማ ይኸው ቀጥ ብሎ አለ። ምን አደረገህ?» አሉና ጎንበስ ብለው ጎማውን አዩ። «ይኸን ያህል ሰፊ እግር ለምኗ ነው? ዳክዬ ናት?»

ባለቤቷ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔ መሬት ብትሰነጠቅልኝ እገባ ነበር። ቀና ብዬ እሳቸውን ማየት አቅቶኝ ወደ በሬዎቹ አየሁ፤ ያኔ ነው ነገሩ የበራልኝ።

አንዱ በሬ ጎልማሳ ነው፣ ሌላው ገና ያልጠና ወይፈን። ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር የሚያስረው ጠፍር፣ ምራን የምንለው፣ የቀንበሩ መሐል ላይ አልነበረም። ወደ ጎልማሳው በሬ ሁለት ጣት ያህል ተጠግቶ ታስሯል። ይህን የማያውቅ የፎገራ ልጅ የለም፤ ሸክሙ ለበረታው እንዲያደላ፣ ወይፈኑም እንዲቀለው ነው። ለዚህ ሲባል ቀንበር አይለወጥም፣ ረጅም ቀንበር አይቆረጥም። የሚለወጠው የታሰረበት ቦታ ብቻ ነው። አባቴ ሲያደርገው ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ያን ቀን ግን መጀመሪያ ያየሁት መሰለኝ።

ቸርኬም እንደዚያው ነዋ። ዙሪያው ቀለበት ነው፣ ጎማው የሚለብሰው እሱን ነው። ቀለበቱ ውስጥ ሳህን አለ፣ ከመኪናዋ ጋር በቡሎን የሚታሰረው እሱ ነው። ቀለበቱ ይስፋ ወይስ ይጥበብ አንድ ጥያቄ ነው። ሳህኑ ከቀለበቱ ስፋት ላይ የት ይታሰር ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ጥያቄ ነው። እኔ የመጀመሪያውን ጠይቄ ሁለተኛውን ረስቼው ነበር። ጥጃዋን የሚያስፈልጋት ያው ጠባብ እግሯ ነው፤ ትንሽ ከፈት አድርጋ ትቁም እንጅ። ሳህኑን ወደ መኪናዋ ወገን ካስገባሁት ቀለበቱ በዚያው ልክ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ጎማውም ቦዩ ላይ ይደርሳል።

ሳላውቀው ሳቅሁ መሰለኝ። «ምን ያስቅሃል?» አሉኝ አባቷ።

«ቀንበርዎ ነው፣ አያ።»

ይሄ ደግሞ ለየለት ብለው ነው መሰለኝ፣ አንገታቸውን ነቅንቀው ወደ በሬዎቻቸው ተመለሱ። እኛም ጥጃዋን ገፍተን አወጣናት።

በማግስቱ ሸንበቆ ቆርጬ በእግሬ ተመልሼ ሄድሁ። ከአንዱ ቦይ መሐል እስከ ሌላው ቦይ መሐል ለካሁና በቢላዋ ምልክት አደረግሁበት፤ የቦዩንም አፍ ለካሁ። ወረታ ተመልሼ ሸንበቆውን ከጥጃዋ እግር ሥር ዘረጋሁት። ልዩነቱ ለአንድ ወገን ሁለት ጣት ተኩል ግድም ሆነ። እንግዲህ ሦስት ጣት ላውጣው ወይስ ሁለት? ሙያ እሚባለው እዚህ ላይ ነው። ሦስት ካወጣሁት ስትታጠፍ ፓራፋንጎዋን ይነካል፤ ከዚያ የከፋው ግን ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታዋ ነው። ጎማው ከመኪናዋ በራቀ ቁጥር ሸክሙ ኩሽኔታው ላይ ይበረታል፣ እንስራ በተዘረጋ እጅ እንደመያዝ ነው፣ ትከሻ ይገነጥላል። ሁለት ካወጣሁት ደግሞ ግማሽ ጣት ይጎድለኛል። ግን ጠባብ ጎማ ከመረጥሁ ቦዩ ይተርፈዋል፣ የጎደለችውን ግማሽ ጣት ቦዩ ራሱ ይሰጠኛል። ስለዚህ ስፋቱን ጠባብ፣ አወጣጡን ሁለት ጣት ላይ ቆረጥሁ። ይህን ከጎንደር ጋራዥ አልሰማሁትም፣ መጽሐፍም አላነበብሁም። ራሴ ነኝ ያሰብሁት። ያን ቀን ኮርቻለሁ፣ እስከዛሬም አልበረደልኝም።

ሰፋፊዎቹን ወዲያ ጥዬ የጥጃዋን የራሷን ቸርኬ አወረድሁ። ሳህኑና ቀለበቱ የተያያዙት በብየዳ አልነበረም። ወፍራም ምስማር በእሳት ግሎ፣ በቀዳዳው ገብቶ፣ አናቱ በመዶሻ ተደፍጥጦ ነው። ይህን ሳይ ሌላ ሳቅ መጣብኝ። ያቺ ከባሕር ማዶ የመጣች፣ ሰው ሁሉ የሚያደንቃት መኪና እግሯን ያያያዘላት ቀጥቃጭ ነው ማለት ነው። «ስማ፣ የኛ ወገን ነው የሠራት» አልሁት ባለቤቷን። እሱም «እንግዲህ ወገንህን እንዳታሳፍር» አለኝ።

የምስማሮቹን አናት በመሮ ቆርጬ ሳህኑን ነቀልሁ። ቀለበቱ ላይ ሁለት ጣት ለክቼ አዲስ ቀዳዳ በእጅ መሰርሰሪያ በሳሁ፤ ክንዴ ዛለ። ምስማር አግዬ፣ በጉጠት ይዤ፣ እየከተትሁ ደፈጠጥሁ። አናታቸው የውስጡን ጎማ እንዳይበላው በሞረድ አለሰለስሁና ከአሮጌ ጎማ የቆረጥሁትን ጥብጣብ በላዩ አለበስሁ። ከዚያ ቸርኬውን አሽከርክሬ ከሰል አስጠግቼ ያዝሁበት። ከሰሉ ዙሪያውን እኩል ከነካ ቀጥ ብሏል፣ አንድ ወገን ብቻ ካጠቆረ ተወላግዷል። አንደኛው አጠቆረብኝ። ባለቤቷ «ምን አለበት፣ ትንሽ ነው» አለኝ። እኔ ግን የእኒያን አባት ዳሌ አሰብሁና ምስማሩን ሁሉ ቆርጬ እንደገና መታሁት።

ሲያልቅ ባለቤቷ ፊቱ ቅር አለው። «አልሰፋችም እኮ» አለ።

«ከኋላዋ ሄደህ እያት።»

ሄዶ አያት።  «እግሯን ተከለች» አለ።

ለሙከራ ወጣን፣ ቃሉን ጠብቆ መሪውን ለኔ ሰጠኝ። መሪዋ ትንሽ ከበድ ብሏል፣ ይህን አልደብቅም። ቦዩ አፍ ላይ ስንደርስ ቀስ አድርጌ አስገባኋት፤ ግራውም ቀኙም ገባ። እጄን ከመሪው አነሣሁ። ጥጃዋ ራሷ መንገዷን ይዛ ሄደች፣ ጉብታውም በሆዷ ሥር ሳይነካት አለፈ። ባለቤቷ የፈጣሪውን ስም ጠራና ትከሻዬን በቡጢ መታኝ።

ታኅሣሥ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ሽማግሌ ላክሁ። ሁለት ሽማግሌዎች በበቅሎ ቀድመው ሄዱ፣ የንስሐ አባቱ በጥጃዋ። አንድ ወግ ግን ተበላሸ፤ ሽማግሌ የላከ ሰው እዚያ አይታይም፣ ቤቱ ተቀምጦ ወሬ ይጠብቃል። እኔ ግን መቅረት አልቻልሁም። ቡሎን ቢላላ የሚያውቅላት እኔ ነኝ፣ ጥጃዋ ደግሞ ሦስተኛ ሰው አትይዝም። አባን ሳማክራቸው ጥቂት አሰቡና «እንግዲህ አንተ ሰውዬው አይደለህም፣ በቅሎዬ ነህ» አሉኝ።

ገለባ የሞላ ትራስ ከሥራቸው አድርጌ አስቀመጥኋቸው። ጥምጥማቸውን አጠበቁ፣ መስቀላቸውን በቀኝ እጃቸው፣ ምርኩዛቸውን በጉልበታቸው መካከል ያዙ። ወረታ ሁሉ መንገድ ዳር ወጥቶ ነበር። ባለቤቷ ከወንድሙ ሱቅ ደጅ ቆሞ፣ ልጁን እንደሚድር ሰው ፊቱ በርቶ እጁን ያውለበልብልናል። አባ አንድ እጃቸውን ከፍ አድርገው ባረኩት።

«ቀስ በል ልጄ» አሉኝ መጀመሪያ። ቦዩ ውስጥ ገብተን ጥቂት እንደሄድን «ትንሽ ፈጠን ብትል ምን አለበት?» አሉ። ፈጠን አልሁ። ሜዳው በግራ በቀኝ ያልፋል፣ ከብቱ ቀና እያለ ያየናል፣ አባ ጥምጥማቸውን በአንድ እጃቸው ይዘዋል። እኔ ጆሮዬ የፊተኛው ጎማ ላይ ነው፣ ዓይኔ ደግሞ የሳቸው ፊት ላይ። አንድ ጊዜ እንኳ አልተጨማደደም።

ቆየት ብለው «መንገዱ ክፉ ነው ሲሉ እሰማለሁ። መቼ ነው የምንደርስበት?» ብለው ጠየቁኝ።

«አልፈነዋል፣ አባ» አልኋቸው።

ይህችን ቃል ስናገር የተሰማኝን ኩራት ከዚያ በኋላ ብዙ መኪና ሠርቼ አላገኘሁትም።

ከደጃቸው ስንደርስ ሁለቱ ሽማግሌዎች እንደ ወጉ ቆመዋል። አባቷ የአጥሩ በር ላይ ናቸው። ከኋላቸው፣ ከቤቱ ጥግ፣ ልጅቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች። አባ መራመድ ስለማይችሉ ጥጃዋን በበሩ አስገብቼ ግቢው መሐል አቆምኋት። ሞተሩን አጠፋሁና ወርጄ ራቅ ብዬ ቆምሁ።  ተቀመጡ ካሉ ሚስት አለችኝ፤ ካላሉ ወናፌን ነቅዬ ወደማያውቁኝ አገር ልሄድ ለራሴ ነግሬዋለሁ።

አባቷ መጥተው የአባን መስቀል ተሳለሙ፣ ጉልበታቸውን ሳሙ። ከዚያ ቀና ብለው እንደተቀመጡ በዓይናቸው ለኳቸው።

«ይቅር ይበሉኝና አባ፣ ሽማግሌ ተቀመጥ ሳይባል ይቀመጣል እንዴ?» አሉ።

አባ አልደነገጡም። «እኔ የተቀመጥሁት ወረታ ላይ ነው። ይህ ልጅ እንደተቀመጥሁ ደጅህ አደረሰኝ፣ አጥንቴም አልተሰማኝም። ልነሣ ብል ደግሞ አልችልም። እንግዲህ ወይ እኒህን አስቀምጣቸው፣ ወይ እኔን አስነሣኝ።»

  አባቷ ጥጃዋን ዞሩና ከፊተኛው ጎማ አጠገብ ቁጢጥ አሉ። ሳህኑ ወደ ውስጥ ስለገባ ከውጭ በኩል ጎድጎድ ብሎ ይታያል። ጣታቸውን ሰደው የምስማሮቹን አናት አንድ ባንድ ዳሰሱ። የድሮዎቹን ቀዳዳዎች አገኙ፣ አዲሶቹን አገኙ። ከዚያ ሁለት ጣታቸውን አጋድመው በመካከላቸው አስቀመጡ።

«ምራኑን አዛውረኸዋል» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

«አዎ አያ።»

«ከማን አየኸው?»

«ከርስዎ ነው። ያን ለት፣ እርሻዎ ላይ።»

«ለዚህ ነበር የሳቅኸው?»

«ለዚህ ነበር።»

ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ፣ እጃቸውን አራገፉ። ሽማግሌዎቹን እንደቆሙ ጥለው ወደ ቤት ገቡ። እኔ አለቀ አልሁ። አባንም ማየት ፈራሁ፣ ልጅቱንም ማየት ፈራሁ። የጥጃዋን ቁልፍ ከኪሴ አወጣሁ።

አባቷ ሲወጡ ማረሻቸውን ይዘው ነበር። ከሞፈሩ የተነቀለ፣ ጫፉ የደነዘዘ፣ ጭቃው ገና ያልረገፈለት ማረሻ። ቀጥ ብለው ወደኔ መጡና እጄ ላይ አስቀመጡት። ከባድ ነበር። 

«ዶልዱሟል፣ ሹል አውጣልኝ» አሉኝ። «ሐሙሲት ሩቅ ነው። ልጅ እያለኝ ሰው ደጅ አልቆምም።»

ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩና ተቀመጡ አሏቸው።